ክሪሳንተመምና የሌሊት ርዝመት



በአገራችን የአበባ እርሻ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያስበው ጽጌረዳን ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ክሪሳንተመም ልናገር መጥቻለሁ። ተክሉ ለዓይናችን እንግዳ አይደለም፤ አደይ አበባና ኑግ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ኑግ ቀኑ ሲያጥር እንደሚያብብ ሁሉ ክሪሳንተመምም የሌሊቱን ርዝመት ጠብቆ የሚያብብ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን ሙያ ይዟል ማለት እችላለሁ።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች የነበሩት ጋርነርና አላርድ ትንባሆንና አኩሪ አተርን ያለወትሮው ጨለማ ውስጥ እያስገቡ፣ የማበቢያውን ጊዜ የሚወስነው የቀን ርዝመት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1920 አሳወቁ። በ1938 ደግሞ ሃምነርና ቦነር በሌላ ተክል ላይ ባደረጉት ሙከራ ወሳኙ ያልተቋረጠ ጨለማ መሆኑን አሳዩ። በክሪሳንተመም ስናየው፣ እምቡጡ በደንብ የሚያድገው ሌሊቱ ከ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲበልጥ ነው።

በለንደን የሰኔ ቀን ከ16 ሰዓት ይበልጣል፣ የታኅሣሥ ቀን ግን 8 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ የእንግሊዝ አልሚ ደጅ የሚተክለው የቀን ርዝመት ብዙም የማያግደውን ቀዳሚ ዝርያ ነው፤ በግንቦት ተተክሎ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይቀጠፋል። ዘግይተው የሚያብቡት በጋውን ደጅ ከርመው፣ ውርጭ ሳይመታቸው መስተዋት ቤት ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ ማምረት የሚፈልግ ግን በቀዝቃዛው ወራት ሌሊት መብራት ያበራል፣ በሞቃቱ ወራት ደግሞ አመሻሹ ላይ ጥቁር ሸራ ይጋርዳል።

እኛ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ስለማይሞላ ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ለማበብ ዝግጁ ነው። ጥቁር ሸራ አያስፈልገንም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ችግሩ ዝም ብለን ብንተክለው በቁመቱ ሳይጠግብ ያብብብናል፤ አጭር ዘንግ ደግሞ ገበያ አያገኝም። መፍትሔው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት እያበሩ ጨለማውን ለሁለት መክፈል ነው። የመብራቱ ሂሳብ የከበደበት ሰው በየግማሽ ሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢያበራም ይሠራል። ዘንጉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ መብራቱ ይቆማል፤ ከዚያ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ7 እስከ 9 ሳምንት ውስጥ ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ጥቂት ተከታታይ ሌሊቶች መብራት ቢጠፋ ተክሉ እምቡጥ መጀመር ይችላል፤ ከጀመረ ደግሞ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ካፒታሉ ውስን የሆነ ወጣት ውድ ቤት ከመሥራቱ በፊት ጄኔሬተር ይግዛ። በደጋችን መስተዋት አያስፈልግም፤ ዝናቡንና በረዶውን የሚመክት ፕላስቲክ ይበቃል። ክረምት ላይ ያለ ምንም መጠለያ ደጅ የተተከለ አበባ ግን ሲፈካ ውሃ እየቋጠረ ይበሰብሳል። በጣም በሚቀዘቅዝ ሌሊት ደግሞ እምቡጡ ይዘገያልና የመቅጠፊያውን ቀን ሲያሰሉ ይህንንም ያስቡበት።

ከዚያ የጣት ሥራው ይመጣል። በአንድ ዘንግ አንድ ትልቅ አበባ ከፈለግን፣ ጫፉ ላይ ያለውን እምቡጥ ትተን በየቅጠሉ ብብት የሚወጡትን የጎን እምቡጦች ገና የምስር ፍሬ ሲያክሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ ጎን ገፋ አድርገን እንነቅላለን። ያኔ ያለ ጠባሳ ይለቃሉ። ከዘገየን አንገታቸው ይጠነክርና የዘንጉን ልጥ ይዘው ይላጣሉ። በአንድ ዘንግ ብዙ አበባ ለሚፈለግበት ዝርያ ግን የሚነሳው የጫፉ እምቡጥ ነው፤ የጎኖቹ እኩል ይፈካሉ።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ነጭ ዋግ ነው። ከላይ ሐመር ቢጫ ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ገልብጡት፤ ከሥሩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነጭ እብጠት ካያችሁ እሱ ነው። በሽታው ቅጠል ላይ ለሰዓታት የቆየ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ውሃው በጠብታ መስኖ ሥሩ ላይ ይውረድ፣ የቤቱም ጎን ጠዋት ጠዋት ይከፈት። የሚዛመተው በአብዛኛው በሚገዛው ቁራጭ ቀንበጥ ነውና፣ የመጣውን ሳጥን ሁሉ ከመትከላችሁ በፊት ቅጠል በቅጠል ፈትሹ፤ ምልክቱ ያለበትን ከእርሻው ርቃችሁ አቃጥሉት።