ስለ አሸንዳ አበባ አተካከል
በመንደር ትምህርት ቤት የሚነበብ ንግግር



ሰው በደጁ ያለውን ንቆ የሩቁን ሲያደንቅ ይኖራል። በደጋ የተወለደ ልጅ ኹሉ አሸንዳን ያውቃል፤ በጓሮው የተከለው ግን ጥቂት ነው። ይህ ተክል ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ በኾነ ተራራ ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረጅም ነው። ከመካከሉ ቀጥ ያለ አገዳ ይወጣል፤ በጫፉም ብርቱካን መልክና ቢጫ የኾኑ አበቦች እንደ ችቦ ተሰብስበው ይታያሉ። አበባው ከታች ዠምሮ ወደ ላይ በተራ ስለሚፈነዳ ብዙ ቀን ይቈያል። ምንቃራቸው ቀጭን የኾነ ትናንሽ ወፎችም ጣፋጩን ፈሳሽ ለመምጠጥ ይመላለሱበታል።

የዕፅዋት ሊቃውንት አስቀድመው ከሊሊ አበባ ነገድ ይቈጥሩት ነበር፤ ዛሬ ግን ከእሬት ጋራ መድበውታል። የመጽሐፍ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ነው። ይህም ስም በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የሕክምና መምህር ለነበረው ለክኒፎፍ መታሰቢያ እንዲኾን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. ለወገኑ ኹሉ የተሰጠ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተወሰዱትን ወገኖቹን የአውሮፓ ሰዎች በአትክልታቸው ስፍራ በክብር ይተክሏቸዋል። ይህኛው ግን በተፈጥሮ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ብቻ ኾኖ ሳለ፥ ባለአገሩ እንደ አረም ይረግጠዋል።

አንዳንድ ልጅ ውበቱን አይቶ በአበባው ወራት ከተራራ ነቅሎ ያመጣዋል። ይህ ስሕተት ነው። የቈሰለው ሥር አበባውን መመገብ ተስኖት ተክሉ ይጠወልጋል፤ ተራራውም ያጣዋል፥ ጓሮውም አያገኘውም።

የሚሻለው ከዘሩ ማፍላት ነው። አበባው ረግፎ ፍሬው ሲደርቅ ተካዩ ጥቂቱን ይለቅማል፤ የቀረውን ለተራራው ይተዋል። ዘሩን የበሰበሰ ፍግ በተቀላቀለበት ልዝብ ዐፈር ላይ ይዘራል፤ ጥቂት ዐፈር ነስንሶ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ችግኙ ሲጠነክር፥ ክረምት ሲገባ፥ ፀሐይ በሚያገኝ ስፍራ በየአንድ ክንዱ ያዛውረዋል። ውሃ የሚተኛበት ስፍራ ጠላቱ ነው፤ ግንደ ሥሩ ይበሰብሳልና። ስለዚህ መደቡን ከፍ ማድረግ ወይም በተዳፋት መትከል ይገባል። በበጋ ግን ውሃ እንዳይጠማው ያጠጡታል። አበባው የሚታየው በኹለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ተክሉ በዝቶ ሲጠጋጋ በክረምት መግቢያ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፋይ ሥርና ቡቃያ ይኑረው። የተረፈው ለጎረቤት ይሰጣል።

ከነሐሴ 16 ቀን ዠምሮ በትግራይና በላስታ ልጃገረዶች ለምለም የአሸንዳ ቅጠል በወገባቸው አስረው ይጫወታሉ፤ የበዓሉም ስም ከዚሁ ቅጠል የመጣ ነው። አሸንዳን በጓሮው የተከለ አባት ልጁን ቅጠል ፍለጋ ወደ ገደል አይሰዳትም። ትምህርት ቤቱም አንድ መደብ ቢያለማ፥ ከዚያ የሚከፈለው ለመንደሩ ኹሉ ይዳረሳል፤ የተራራውም በስፍራው ይኖራል።