አጥሩም የእኛ፣ ጉድጓዱም የእኛ

ስለ ጤና ንግግር ሲባል ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ የማነሳላችሁ ግን የሽንት ቤት ጉድጓድና ታጥሮ የተተወ ግቢ ነው። ከደብረ ወርቅ፣ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነን። ብዙዎቻችንም እዚያ ቦታ ይዘን ቆርቆሮ አጥረናል፤ አንዳንዶቻችን ቤት ጀምረን አቁመናል።

እዚህ ማሳቹሴትስ ከምናየው ልጀምር። በስቴቱ 351 ከተሞች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የጤና ቦርድ አላቸው። የከተማ ፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ሰፈር ቤት የገዛችሁ ‹ታይትል ፋይቭ› የሚባለውን ደንብ ታውቁታላችሁ። ቤት ሲሸጥ ሴፕቲክ ታንኩ መመርመር አለበት። አዲስ ሲሠራ ደግሞ መሬቱ ውኃ የሚመጥበት ፍጥነት ይለካል፤ ፍሳሹ የሚሰርግበት ቦታም ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 100 ጫማ እንዲርቅ ይደረጋል። ቤቱ ተዘግቶ ከተበላሸ ቦርዱ ባለቤቱን በደብዳቤ ያዘዋል፤ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት ያቆመዋል፤ ለመኖሪያ አይሆንም ብሎ ሊዘጋውም ይችላል። ባለቤቱ ሌላ አገር መኖሩ ከኃላፊነት አያድነውም።

አገር ቤትስ? ሕግ የለም እንዳትሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ማንም ሰው ቆሻሻውን አካባቢ በሚበክልና ጤና በሚጎዳ መንገድ እንዳይጥል ከለከለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ‹የሕንፃ ሹም› የሚባል ኃላፊ አቆመ፤ አዋጁ በሚመለከታቸው ከተሞችም ያለ ሹሙ ፈቃድ ግንባታ እንዳይጀመር ደነገገ። ባለሙያም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር ከጤና መኮንኖች ጋር ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ።

ሕዝቡ ስለ ሽንት ቤት ደንታ የለውም የሚል ካለ የሞጣን ሰው ይጠይቅ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በሞጣ ዙሪያ ባለው በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ ከካርተር ማዕከል ጋር በተያያዘው የትራኮማ መከላከል ሥራ፣ ሽንት ቤት እንዲቆፈር ቅስቀሳ ተጀመረ። ዓይን ላይ የምታርፈውና ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአማራ ክልል 10,000 ሽንት ቤት ታቅዶ ወደ 90,000 የሚጠጋ ተሠራ። ነገሩን የገፉት በተለይ ሴቶች ነበሩ፤ ቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነ እስኪመሽ ይጨነቁ የነበሩት እነሱ ናቸውና። በአገር ደረጃም በ1990 ከመቶ 92 የነበረው ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው በ2015 ወደ 29 ወርዷል፤ ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው? የጎደለው ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው። ፕላኑ ላይ ሴፕቲክ ታንክ ተስሎ ይጸድቃል። ታንክ ማለት ወለሉና ግድግዳው ውኃ የማያሳልፍ፣ ክፍልፋይ ያለው ነው፤ አተላው ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሐል ያለው ውኃ ብቻ ወደ ማስረጊያው ይወጣል። ቆፋሪው ዘንድ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ወለሉ አፈር የሆነ፣ ዙሪያው በድንጋይ የተካበ ጉድጓድ ይሆናል። ጉድጓዱ በአርማታ ከተከደነ በኋላ ልዩነቱን ማን ያያል?

በእኛ አገር ደግሞ አፈሩም አያግዝም። የቢቸና ሜዳ ዋልካ መሆኑን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ፍሳሽ ይሾልካል። ክረምት ሲገባ ያብጥና ውኃ አላሳልፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ጎረቤት ደጅ ይወጣል። ከታች የውኃ ጉድጓድ ካለ ጉዳቱ ለቀሪው ሰፈር ይተርፋል።

ታጥሮ የተተወው ግቢ ሌላው ጣጣ ነው። ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፦ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ብሎኬቱ እስከ መስኮት ደርሶ ቆሟል፣ ሣሩ ወገብ ድረስ አድጓል፣ ለሽንት ቤት የተቆፈረው ጉድጓድ ሳይከደን የሐምሌ ውኃ ሞልቶታል። የሰፈሩ ሕፃናት ኳስ ሊያወጡ የሚገቡት እዚያ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ባልታሰበ ምክንያት የደረሰ ቢሆንም እንኳ። የሚከፍለው ባለቤቱ እንጂ ግቢውን እያየ ያለፈው ዘመድ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ደርሶ መመለስ ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ሆኗል። ከዚሁ ሆነን ግን የምናደርገው አለ። አንደኛ፣ ለዘመድ ውክልና ስትሰጡ ግቢውን የማጽዳትና ጉድጓዱን የመክደን ኃላፊነትም በጽሑፍ ስጡት፤ ወጪውንም አብራችሁ ላኩ። ሁለተኛ፣ ግንባታ ላይ ያላችሁ፣ ጉድጓዱ ሳይከደን በፊት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ እንዲያየው ጠይቁ፤ ፎቶም አስነሱ። ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከውኃውም በላይ ሳይሆን በታች በኩል ይሁን። ሦስተኛ፣ ሲሞላ የሚመጥ መኪና የሚገባበትን በር አስቀድማችሁ አስቡ፤ ከቤቱ ጀርባ የተቀበረ ታንክ ቱቦ አይደርስበትም። አራተኛ፣ ቤቱን የማትጨርሱት ከሆነ ጉድጓዱን ዛሬውኑ በአፈር አስደፍኑት።

ማኅበራችን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ሲያዋጣ ኖሯል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። አሁን የምለምናችሁ ገንዘብ አይደለም። ከዚህ ስትወጡ ወደየቤተሰባችሁ ደውሉና አንድ ነገር ጠይቁ፦ የግቢያችን ጉድጓድ ተከድኗል ወይ? መልሱ ‹አልተከደነም› ከሆነ፣ ክረምት ሳይገባ ይከደን።