እግር ከተረፈ በኋላ
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



«ቀዶ ጥገናው ተሳካ» ሲባል እኛ የሕክምና ተማሪዎች ቶሎ ደስ ይለናል። ደስታችን ግን ትንሽ የቸኮለ ይመስለናል።

ዣን ኩንሊን የተባለው ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የአንድ ሕመምተኛ የእግር ደም ቅዳ ቢደፈንበት፣ ከሰውየው ከራሱ እግር ደም መልስ አውጥቶ በተደፈነው ጎን አዲስ መንገድ ሠራለት። ደም መልሱን ገልብጦ ነው የሰፋው፤ በውስጡ ያሉት ክዳኖች ደምን ወደ ልብ ብቻ ስለሚያሳልፉ፣ ባይገለበጥ መንገዱን በዘጉት ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል።

ሆኖም የተቀጠለው ሥር ለብርቱ ግፊት የተፈጠረ አይደለም። በመጀመሪያው ወር ከተደፈነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስፌቱ ወይም የሥሩ ምርጫ ነው። ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት ውስጠኛው ግድግዳ እየወፈረ ይጠባል። ቆይቶ ደግሞ ያው የቀድሞው በሽታ ይይዘዋል፤ ትምባሆ ላልተወ ሰው ይብስበታል።

በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ 1404 የሰሜን አሜሪካ ሕመምተኞች የገቡበት ጥናት እንዲህ ይላል፤ በዓመቱ ምንም ሳይነካ ክፍት የቆየው ሥር ከመቶ 61 ያህል ነው፤ የጠበበውና የተዘጋው እየተጠገነ ሲቆጠር 80 ይደርሳል። እግር የተረፈው ከመቶ 88 ነው። በሕይወት የቆየው ሰው ግን 84 ብቻ!

እግሩን ያሳመመው በሽታ የልቡንም ሥር ይዞ ነበርና።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ስለ ስፌቱ ብዙ ሰዓት ተምረናል። ስለ ዓመቱ ቀጠሮ ግን አንድ ሰዓት እንኳ ይሰጠን ዘንድ እንለምናለን።