ገበታው ሰፊ፣ ጨጓራው ጠባብ፦ ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሠት የምግብ ጥላቻና አመጋገብ በምዕራብ ጎጃም

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬውን ርእስ ባሳወቅሁ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «ሰው ጠግቦ ለማደር በሚቸገርበት አገር ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ማውራት ምን ይረባል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በላይ የከሱ፣ 8 በመቶ ያህሉ ደግሞ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት ይገኛሉ። ርእሱን የመረጥሁት ግን በቁጥሩ ምክንያት አይደለም። ጨጓራቸው የተቆረጠ ሰዎች በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ከብዙ ዘመን ጀምሮ አብረውን ይኖራሉ። እኛ እንዴት እንደሚበሉ ጠይቀናቸው አናውቅም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አባቴ ናቸው።

አስቀድሜ የሁለቱን ሕክምናዎች ዝምድና ላስረዳ። የጨጓራን ክፍል ቆርጦ በማውጣት ታካሚን ማዳን የተቻለው በ1881 እ.ኤ.አ. በቪየና፣ በቴዎዶር ቢልሮት እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የከፋ የጨጓራ ቁስለት በቢላዋ ይታከም ነበር። ሐኪሞች ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ጨጓራቸው የተቆረጠ ሕሙማን ቁስለታቸው ቢድንም ክብደታቸው አልመለስ አለ። በአሜሪካ አዮዋ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ ይህን ጉድለት ወደ ሕክምና ለወጡት፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ማለፊያ ቀዶ ሕክምናን ጀመሩ። ስለዚህ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የቁስለት ቀዶ ሕክምና ልጅ ነው። ቁስለቱ ራሱ በኋላ መድኃኒት ተገኘለት፤ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን መነሻው በአብዛኛው ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተው በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቀድመው የተቆረጡት ግን እንደተቆረጡ ቀሩ።

አባቴ ከቡሬ ጥቂት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ገበሬ ነበሩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የቆየ ቁስለታቸው የጨጓራቸውን መውጫ በጠባሳ አጠበበው፤ የበሉትን ሁሉ ማታ ያስመልሱ ጀመር። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገድ አወጧቸው። በቀዶ ሕክምና ከጨጓራቸው ከፊሉ ወጥቶ የቀረው ከትንሹ አንጀት ጋር ተያያዘ። ድነው ሲመለሱ እናቴ ለደካማ ሰው የሚገባውን ሁሉ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ ማርና ቅቤ የገባበት አጥሚት፣ ቀጥሎም ዶሮ። አባቴ አጥሚቱን ጠጥተው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቃቸው፣ ልባቸው ይመታ ጀመር፣ ሆዳቸውን ይዘው ተኙ። ዶሮውን ከሦስተኛ ጉርሻ በኋላ አስመለሱት። ከዚያች ቀን ወዲህ ሽታው እንኳ ያጥወለውላቸው ነበር። እናቴ «እጄን ጠላው» ብለው አለቀሱ።

ይህ «እጄን ጠላው» የሚለው ቃል የንግግሬ መነሻ ነው። ከሳይንስ አንጻር የሆነው ምንድን ነው? ጤነኛ ጨጓራ ምግብን አቆይቶ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት የሚለቅ በር አለው። በሩ ሲነሣ ማር የበዛበት አጥሚት በአንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ይወርዳል፤ አንጀት ከደም ውኃ ይስባል፤ ላቡና የልብ ምቱ ከዚህ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደሙ ስኳር ወርዶ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ ለበሽተኛ ክብር ብለን የምናቀርበው ጣፋጭ አጥሚት ለዚህ በሽተኛ የመጀመሪያው ጠላት ነበር።

ጥላቻው ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ጆን ጋርሲያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ፍጡር አንድን ጣዕም ከቀመሰ በኋላ ቢታመም፣ ሕመሙ ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ፣ ጣዕሙን ይሸሻል። ለዚህ ትምህርት አንድ ጊዜ ይበቃል። በክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ላይ ሌሎች ምክንያቶችም ይጨመራሉ። እጀጌ መሰል ቅርጽ በሚተውበት ሕክምና ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ከእርሱም ጋር ግሬሊን የተባለውን የረኀብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ክፍል አብሮ ይሄዳል። ጣዕምና ሽታም ይለወጣል፤ ትናንት የተወደደ ሥጋ ወይም ቅባት ዛሬ ይከረፋል። ስለዚህ ጥላቻው የሰውነት ማስጠንቀቂያ እንጂ ንቀት አይደለም፣ ጥጋብም አይደለም፣ በባለሙያዋ እጅ ላይ የተሰጠ ፍርድም አይደለም።

ጥላቻው ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ግን ዝም ብለን እንከተለው ማለት አይደለም። አባቴ ዶሮውን ተዉ፣ ቀጥሎ ወተቱን፣ ቀጥሎ እንቁላሉን። የቀራቸው እንጀራ፣ ሽሮና ጠላ ነበር። ጾም አጥባቂ ስለሆኑም ይህ አመጋገብ ለማንም እንግዳ አልመሰለም። ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም የሚጾም ምእመን የዓመቱን እኩሌታና ከዚያ በላይ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ ያሳልፋል። የአባቴ የምግብ ጥላቻ ከጾሙ ጀርባ ተደብቆ ኖረ።

ዓመታት አለፉ። እኔ ተምሬ የሥነ ምግብ መምህር ሆንሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ መሆኑን፣ ወደ ደም ለመግባትም ጨጓራ የሚያመነጨው ረዳት ፕሮቲን እንደሚያስፈልገው፣ ጉበት የሚያከማቸው ስንቅ ለዓመታት ስለሚቆይ ጉድለቱ ዘግይቶ እንደሚታይ አስተምር ነበር። ክረምት ክረምት ወደ አገር ቤት ስሄድ አባቴ ሲገረጡ፣ ምላሳቸው ሲቀላ፣ በጨለማ ሲሄዱ ሲንገዳገዱ አየሁ። አንድ ቀን ማሳው ዳር ተቀምጠው «የማርሰውን መሬት እግሬ አያውቀውም» አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ አለፍሁት።

ነገሩን የደረሰበት አንድ ወጣት የጤና መኮንን ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፤ «ሆድዎን ተቀድደው ያውቃሉ? በዓመት ስንት ቀን ይጾማሉ?» የደም ምርመራው የቀረውን ተናገረ። በቢ12 መርፌ ደማቸው ተመለሰ፤ ምላሳቸውም ዳነ። የእግራቸው መደንዘዝ ግን ብዙ ዘግይቶ ስለነበረ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም፤ ዛሬም በዱላ ይሄዳሉ። የማስተምረውን ነገር በገዛ አባቴ እግር ላይ አላነበብሁትም። ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ወደ ገበታ ያለው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እንድታዩ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የታላቅ እህቴ ነው። ብዙ ዓመት በውጭ አገር የኖረችው እህቴ ከስኳር በሽታና ከጉልበት ሕመም ጋር በታገለችበት ክብደት ምክንያት በዚያው ጨጓራዋን በእጀጌው ዓይነት ተቆርጣ በአራተኛ ወሯ ለዐቢይ ጾም ወደ ፍኖተ ሰላም መጣች። በእጇ የታተመ የአመጋገብ መመሪያ ነበር፤ የዶሮ ደረት፣ የዓሣ ጥብስና የፕሮቲን ዱቄት ይላል። ከእናቴ ማድ ቤት ያለው ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ግብጦና የዳጉሳ እንጀራ ነው። መመሪያውና ማድ ቤቱ የሚተዋወቁ አልነበሩም።

ተቀምጠን ሒሳብ ሠራን። የቀረላት ጨጓራ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ በእኛ መስፈሪያ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። በፍስክ ቀን አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ እንዲሁ 6 ወይም 7 ግራም ይሰጣል፤ ሥጋና ዓሣ ሲጨመር ይሞላል። በጾም ቀንስ? የበሰለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ሦስት ጊዜ ብትበላ 27። ከ30 ግራም የሽሮ ዱቄት 6። የአገራችን ግብጦ ደረቁ ፍሬ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ ከ30 ግራም 10። ድምሩ 43 ነው። ይህም ሁሉ ምግብ በሁለት ሲኒ ጨጓራ ማለፍ አለበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀመስ ከተቆየ ደግሞ ጊዜው ራሱ አይበቃም። ግብጦውም ቢሆን ተቀቅሎ ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ መራራው ካልወጣለት መርዝ ነው።

ይህን ሒሳብ ይዘን ወደ ንስሐ አባቷ ሄድን። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደምታዝን እናውቃለን፤ ችግሩ ምእመኑ ሕመሙን አለመናገሩ ነው። አረጋዊው ካህን ሰምተው ሲያበቁ ወደ አባቴ ዞር ብለው «አንተስ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅኸኝ?» አሏቸው። አባቴ መልስ አልነበራቸውም። ተማሪዎቼ ሆይ፣ በዚህ አገር የሥነ ምግብ ምክር ሦስት ሰዎችን ይፈልጋል፤ ታካሚውን፣ ምግብ የሚያበስለውን ሰውና የንስሐ አባትን። በሌላ እምነት ቤትም የሚሰማ የሃይማኖት አባት አለ። አንዱ ከጎደለ ምክሩ ከወረቀት አያልፍም።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። የተጠላን ምግብ በግድ ማጉረስ ጥላቻውን ያጠነክራል። ይልቅ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት፣ ከዚያ በአንድ ማንኪያ፣ በሌላ መልክ መሞከር ይገባል። እንቁላል ጥብስ የከረፋት እህቴ የተቀቀለውን ቻለችው። ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚበረታ፣ ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ ይቀላል። በበርበሬ አገር በቡሬ እየኖሩ አልጫ መብላት ውርደት አይደለም። አንዱ ምግብ ፈጽሞ አልመለስ ካለ ደግሞ የሚተካውን ሳይዙ መተው የለም፤ የአባቴ ስሕተት፣ የእኔም ስሕተት፣ እርሱ ነበር።

ከጉርሻው ሁሉ ፕሮቲኑ ይቅደም፤ እንጀራው ይከተል። በደንብ ይታኘክ። ውኃና ሌላ መጠጥ ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣ። ቡናና ሻይ ከጥራጥሬና ከጤፍ የምናገኘውን ብረት እንዳይገባ ስለሚከለክሉ ከምግቡ ይራቁ። የዳጉሳ እንጀራ በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ በዚህ ጨጓራ የሚበላው መጠን ግን ትንሽ ስለሆነ ክኒኑን አይተካም። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ሌሎች ቫይታሚኖች በሐኪም ትእዛዝ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፤ ብረትና ካልሲየም በአንድ ሰዓት አይዋጡም። ስለ አረቄም ልናገር፤ ከዚህ ሕክምና በኋላ አልኮል ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ትናንት የተቻለው መለኪያ ዛሬ ይጥላል።

አንድ ነገር ከሁሉ በላይ አስታውሱ። ማስመለስ ለቀናት ካላቆመ ጉዳዩ የምግብ ጥላቻ ብቻ አይደለም። ቫይታሚን ቢ1 በሰውነት የሚከማቸው ለሳምንታት ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ዓይን ይዋልላል፣ እግር ይሰናከላል፣ አእምሮ ይምታታል፣ ጉዳቱም ቋሚ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ግሉኮስ ብቻ መስጠት ነገሩን ያብሳል፤ ቢ1 መቅደም አለበት።

በመጨረሻ ወደ ገበታው ልመለስ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል» ይባላል። የእህቴ ጨጓራ ለዚህ አባባል ቦታ የለውም። ለብቻዋ ጓዳ ትብላ ብንል ግን ሌላ ሕመም እንጨምርባታለን፤ በእኛ ዘንድ ከገበታ የተለየ ሰው ከቤተሰብ የተለየ ያህል ይሰማዋልና። መፍትሔውን ያገኙት እናቴ ናቸው። ከመሶቡ ዳር በአንዲት ትንሽ ሣህን ላይ ሁለት ሲኒ ምግብ ለይተው አስቀመጡላት፤ እንግዳው ሁሉ «በሞቴ» ሲላት «ድርሻዋ ይህ ነው፤ እኔ ሰፍሬዋለሁ» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ሣህን መጣ። የአባቴ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ሊቀርብላቸው ይገባ የነበረ ሣህን ነው።

ነገ በየጤና ጣቢያው ስትመደቡ ያን ወጣት የጤና መኮንን አስታውሱ። የገረጣ፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም ምግብ የሚገፋው ሰው ሲመጣ ሆዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ተመልከቱ፣ የጾሙን ቀናት ቁጠሩ፣ ወጡን የሚሠራውን ሰው አስጠርታችሁ አነጋግሩ። ወጪ የለውም፤ ጊዜም ብዙ አይፈጅም። እኔ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

 ጥያቄ ያላችሁ እቀበላለሁ።