ሳታነቡ አትፈርሙ

ለገናና ለጥምቀት ከውጭ አገር የመጡ ብዙ ወገኖች ከጥር 11 በኋላ በቦሌ አድርገው ይመለሳሉ። ያኔ የሆቴሉ ሥራ ይቀዘቅዛል። በረዶ በሚጥልበት አገርም እንዲሁ ነው። በረዶው ሲቀልጥ፣ በበረዶ ላይ ሊንሸራተት የመጣው እንግዳ ይሄዳል፤ ብዙው ሠራተኛም ሌላ እንጀራ ይፈልጋል።

የማስተምራቸው አንዲት እናት በአንድ ሆቴል አንሶላ ያጥቡ ነበር። «እስከ ፋሲካ ይሠራሉ» ተባሉ። እሳቸውም አምነው በጣታቸው ፈረሙ። ወረቀቱ ግን «እስከ ጥር 30» ይል ኖሯል። ጥር 30 ሲደርስ ተሰናበቱ።

ዛሬ እኚህ እናት ያነባሉ። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ከወረቀቱ ላይ ፈልጉ፦ ሥራው የሚያልቅበትን ቀን፣ የደመወዙን ልክ፣ የሚከፈልበትን ቀን። ካልገባችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደህና ሁኑ።