በቋንቋዋ «እንዴት አደርሽ?» እንበላት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የተነሳሁት ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ብድር ልናገር አይደለም። ከሁለቱም ስለሚቀድመው ስለ ሰላምታ ነው።

በየቡድናችን አማርኛ ገና ያልለመዱ አባላት አሉ። ከኦሮሚያ፣ ከትግራይ፣ ከወላይታ፣ ከሲዳማ፣ ከሶማሌ መጥተው ጎረቤቶቻችን የሆኑ እህቶች ናቸው። ቁጠባቸውን ሳያቋርጡ ያስገባሉ፤ የብድር ጥያቄ ሲነሳ ግን ዝም ይላሉ። ዝም ያለች ሴት ምንም የቸገራት አይመስለንም። ተራዋ ያልፋታል፣ መዋጮ ሲወሰንም ያለ እሷ ሐሳብ ይወሰናል። ቆይታ ቆይታ መምጣቱንም ትተወዋለች።

የእንዲህ ዓይነቷን እህት አፍ የሚከፍተው መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ሰላምታውም ከባድ አይደለም፤ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነውና። እኛ «እንዴት አደርሽ?» የምንለውን በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?»፣ በትግርኛ «ከመይ ሓዲርኪ?» ይሉታል። ከሰዓት በኋላ «እንዴት ዋልሽ?» ለማለት በኦሮምኛ «አካም ኦልቴ?»፣ በትግርኛ «ከመይ ውዒልኪ?» ነው። ሶማሊኛ ተናጋሪዋን «ማ ነበድ ባ?» ብትሏት «ሰላም ነው ወይ?» ማለታችሁ ነው፤ እሷም «ነበድ» ብላ ትመልሳለች። የወላይትኛው «ሳሮ»፣ የሲዳምኛው «ኬሬ»፣ የኦሮምኛው «ነጋ» ሁሉም ሰላም ማለት ናቸው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ላለችንም «ወዓለይኩሙ ሰላም» ብለን እንመልስ። ቃሉ ይለያይ እንጂ ሁላችንም የምንጠይቀው ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈና በቤት ሰላም መኖሩን ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። በአማርኛና በትግርኛ ሴትን የምንጠራበት ከወንድ ይለያል። በኦሮምኛና በሶማሊኛ ግን «አንተ» ተብሎም «አንቺ» ተብሎም ግሡ አንድ ነው፤ «አካም ቡልቴ?» ለወንድም ለሴትም ያገለግላል። ስለዚህ አማርኛ ለማጅ የሆነች እህት «እንዴት አደርክ?» ብትለን ንቀት አይደለም፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ እንዲህ ስላስለመዳት ነው። አንሳቅባት። አንድ ጊዜ የተሳቀባት ሴት ሁለተኛ እጅዋን አታወጣም።

አክብሮትም አለ። እኛ ለትልቅ ሰው «እንዴት አደሩ?» እንደምንለው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ እናትን «አካም ቡልተኒ?»፣ ትግርኛ ተናጋሪ እናትን «ከመይ ሓዲርክን?» ማለት ይገባል። በእድሜ የገፉ እናቶቻችንን እንደ እኩያ ጠርተን እንዳናስቀይማቸው ይህን ለይተን እንያዝ።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሳምንታዊ ስብሰባችን የሚከፈትበት ሰላምታ በየተራ በአንዷ አባል ቋንቋ ይሁን። አስተማሪዋ ራሷ ቋንቋው የአፍ መፍቻዋ የሆነች እህት ትሁን። እሷ ትበል፣ እኛ እንከተል፤ ስንሳሳት ታርመን። ለዚህ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሁልጊዜ ተማሪ ሆና ጥግ የምትቀመጠው እህት ያን ቀን አስተማሪ ትሆናለች። ቡድኑን አስተምራ የተቀመጠች ሴት፣ ቀጥሎ «ብድር እፈልጋለሁ» ለማለት ያን ያህል አትፈራም።

ሰላምታ ብቻውን ግን አይበቃም። በቋንቋዋ ሰላም ብለናት ውሳኔው ሳይገባት ብናስፈርማት ሰላምታችን ባዶ ነው። ከየቡድኑ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ አንዲት አባል ትመረጥና የብድሩን ደንብ፣ የመክፈያውን ጊዜ፣ በደብተሯ ላይ የተጻፈውን ታስረዳት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ልትጎበኙን ስትመጡ የቡድኑን ሰብሳቢ ብቻ ሰላም ብላችሁ አትቀመጡ። ከኋላ ያለችውንም እህት በቋንቋዋ ሰላም በሏት። የማኅበራችንን ሥራ ከሪፖርቱ ይልቅ ከእሷ መልስ ትረዱታላችሁ።

«የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈገችኝ» ማለት በእኛ ዘንድ ትልቅ ቅሬታ ነው። በመካከላችን ይህን ቅሬታ በልቧ ይዛ ወደ ቤቷ የምትገባ አንዲት እህት እንዳትኖር፣ ከመጪው ሳምንት ስብሰባ እንጀምር።