አስተማሪ ስለ ሕፃን አካልና ጤና ሊያውቀው ስለሚገባ ነገር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)

ስለ ሰው አካልና ስለ ሕፃናት ጤና ለመናገር የመረጥንበት ምክንያት አለን። ይኸውም ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለመግባት ያስባሉ። ከእነርሱም አንዳንዱ በቢቸና፣ አንዳንዱ በሞጣ፣ የሚበዙት ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ያስተምራሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ምናልባት፣ «ጤና የሐኪም ሥራ ነው፤ አስተማሪ ፊደልና ሒሳብ ያስተምር እንጂ ስለ ሳንባና ስለ አንጀት ምን አገባው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ለጊዜው እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሐኪም ሕፃኑን የሚያየው ከታመመ በኋላ፣ ያውም ወላጆቹ ይዘውት ከመጡ ብቻ ነው። አስተማሪ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጤነኛ ሳለም ሲታመምም ያየዋል። ሰሌዳው አልታይ ያለውን፣ ሲጠሩት የማይሰማውን፣ ፊቱ የገረጣውን፣ ሳይጫወት ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ ከአስተማሪ ቀድሞ ማን ያውቀዋል? ስለዚህ አስተማሪ መድኃኒት ባያዝም ቀድሞ አይቶ የሚናገር ዘበኛ ነው። አካልን የማያውቅ ዘበኛ ግን የሚጠብቀውን አያውቅም።

ከሁሉ በፊት ልናውቀው የሚገባን ነገር ሕፃን ማለት ያነሰ ትልቅ ሰው አለመሆኑን ነው። የአንድ ትልቅ ሰው አጥንት 206 ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን 300 የሚያህል አጥንትና ልም አጥንት አለው፤ ይህም እያደገ በሄደ ቁጥር እርስ በርሱ እየተጋጠመ አንድ ይሆናል። የወተት ጥርሶች 20 ሲሆኑ በኋላ የሚተኩት ቋሚዎቹ 32 ናቸው። በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ በስተ ኋላ የሚበቅሉት መንጋጋዎች ቋሚዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን የወተት ጥርስ ናቸው ብሎ ቸል ስለሚላቸው ተበልተው ይወድቃሉ፤ ከወደቁ ወዲያ ምትክ የላቸውም። የሕፃን ሰውነት የያዘው ውሃም ቶሎ ያልቃል። በተቅማጥ ጊዜ ትልቅ ሰው ሲደክም ሕፃን የሚሞተው ስለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ሕይወት አድን የሚባለውን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ይገባል። እርሱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በልክ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት እያጠጡ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

አሁን ወደ ዓይን እንለፍ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር የአገራችን የጎጃም ትልቅ ችግር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶ 62 የሚበልጡት የትራኮማ ምልክት ታይቶባቸው ነበር። ትራኮማ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ብቻ የያዘው ልጅ ይድናል። ደጋግሞ ሲይዘው ግን የላይኛው ሽፋን በውስጥ በኩል ይጠባሰስና ይሸበሸባል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ይቀለበስና ዓይኑን ሲፍቀው ይኖራል። አያቶቻችን ወረንጦ ይዘው ሽፋሽፍታቸውን ሲነቅሉ የምናያቸው ለዚህ ነው። እነርሱን ያሳወረው በሽታ የጀመረው ግን በሽምግልና ሳይሆን ገና በልጅነታቸው ነው።

ለዚህም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ በምናልፍበት በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም የተማረበት ጥናት ተደርጓል። በዕጣ በተመረጡ 12 ንኡሳን ቀበሌዎች ከ1 እስከ 10 ዓመት ላሉ ሕፃናት ብቻ አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት በየሦስት ወሩ ተሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ ተሐዋስያኑ የተገኘባቸው ሕፃናት ቁጥር ከመቶ 48.4 ወደ 3.6 ወረደ። የሚያስደንቀው ግን መድኃኒቱን ባልዋጡት ትልልቆቹም ላይ በሽታው ቀንሶ መገኘቱ ነው። ሕፃናቱ ሲድኑ እናቶቻቸውም ዳኑ ማለት ነው። ከዚህም በላይ በዚያው ወረዳ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሞት ካልተሰጠባቸው ጋር ሲመዛዘን በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሽታው ይመለሳል። ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ስለ ሆነ፣ ሽንት ቤት ሳይቆፈርና ፊት ሳይታጠብ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ጧት ጧት የተማሪዎቹን ፊት የሚያይ አስተማሪ፣ በትምህርት ቤቱ በር አጠገብም አንድ ጀሪካን ውሃ የሚያስቀምጥ አስተማሪ ከዕውርነት የሚያድናቸው ልጆች ስንት እንደ ሆኑ ማን ይቆጥራቸዋል!

ሁለተኛው ነገር አፍና ጉሮሮ ነው። በዚህ ላይ ወላጆቻችን እንዳይቀየሙን እንለምናለን፤ እናቶቻችን ያደረጉትን ሁሉ ያደረጉት ከፍቅር የተነሣ መሆኑን እናውቃለንና። ሕፃን ሲያስለውና ጡት አልጠባ ሲል፣ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይቆረጣል። እንጥል ግን ያለ ሥራ የተንጠለጠለ ሥጋ አይደለም። በምንውጥበት ጊዜ ከለስላሳው ላንቃ ጋር ወደ ላይ ተነሥቶ ምግብና ወተት ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ መንገዱን ይዘጋል። በተቆረጠ ጊዜ የሚፈሰው ደም ለትንሽ ሕፃን ብዙ ነው፤ በስለቱም መንጋጋ ቆልፍና ሌላ በሽታ ይገባል። እንደዚሁም ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ድዱ አብጦ ነጣ ሲል፣ «ያመመው ጥርሱ ነው» ተብሎ ይነቀልለታል። ያ የነጣው ነገር ገና ያልወጣ ጥርስ ነው፤ ከሥሩም የሚተካው ቋሚ ጥርስ ስላለ ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ። ተቅማጡ ግን የመጣው ከውሃውና ከእጁ ነበር።

ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥም እንዲሁ ነው። የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ በጉሮሮ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ በአራስ ሕፃን ጉሮሮ ቅቤው መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ «እንገር ነው» እየተባለ ታልቦ የሚደፋው የእናት የመጀመሪያ ወተት ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር የሞላበት ስለ ሆነ እንደ መጀመሪያ ክትባቱ ይቆጠራል። ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ሊሰጠው፣ እስከ 6 ወርም ከጡት በቀር ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሊያድግ ይገባዋል። አባቶቻችን «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛው ምግብ ነው። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ታዲያ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 46 ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት አንሰው ሲገኙ፣ የአገሪቱ ጠቅላላ ግን ከመቶ 38 ነበር። እህል በሞላበት ቤት ልጅ የሚቀጭጭበት ምክንያት ምንድን ነው? ዕንቁላሉና ቅቤው በገበያ ቀን ይሸጣል፤ ለሕፃኑ የሚቀረው ቀጭን አጥሚት ወይም እንጀራ ብቻ ነው። የሰው አንጎል ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሙሉ መጠኑ አምስት እጅ አራቱን ያህል ይደርሳል። ስለዚህ በአንደኛ ክፍል «ይህ ልጅ ትምህርት አይገባውም» የምንለው ልጅ ችግሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ሳይገባ ሊሆን ይችላል። ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከምስርና ከእህል ተቀላቅሎ የተሠራ ገንፎ፣ በሳምንትም ጥቂት ዕንቁላል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዕውቀት ብቻ ይጠይቃል።

እንቅርትንም ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። በአንገታችን ፊት ያለው ዕጢ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ዝናም አፈሩን አጥቦ በወሰደበት ደጋ አገር አዮዲን ያንሳል፤ ዕጢውም እያበጠ እንቅርት ይሆናል። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካነሳት የሕፃኑ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ አዮዲን ያለበትን ጨው መግዛት፣ ከድኖ ማስቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል መጨመር ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ነገ በአንድ ቀበሌ ብቻችሁን ስትቆሙ የሚጠበቅባችሁ ሐኪም መሆን አይደለም። ዓይኑ የደከመውን ልጅ ከፊት አስቀምጡት። የታመመውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አታሳፍሩት፤ ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት። ወላጆቹን ስትመክሩ በአክብሮት ምከሩ፤ የሚንቃቸውን ሰው ምክር የሚሰማ የለምና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የሥራ ባልደረባችሁ አድርጓት። የማታውቁትንም እንደምታውቁ አድርጋችሁ አትናገሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ የቀረበት ጊዜም አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ በመንደር ውስጥ ያለ ጥቂት ዕውቀት ዋጋው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ተስፋችንም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166 አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን 59 ማለት ከ17 ሕፃናት አንዱ ማለት ነው፤ ከአንድ ቀበሌ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች በተሰለፉ ጊዜ በሰልፉ ውስጥ የሌሉ ልጆች አሉ ማለት ነው። የሚቀጥለው ሰልፍ እንዲሞላ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱንም በዚህ ትምህርት ቤት ሰጥታችሁናልና፣ መምህራን ሆይ፣ እናመሰግናችኋለን።